ተማሪው፣ በሽተኛው እና ኮምፒውተሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ የሕክምና ተማሪዎችን ዋርድ ላይ አስተምራለሁ። ሲ ዋን፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ የሚማሩበት የመጀመሪያ ዓመት ላይ ደርሰው ነጭ ጋዋን ለብሰው ሲመጡ በሽተኛ ለመንካት ይጓጓሉ። ኢኤምአር የምንለውን የኤሌክትሮኒክ ካርድ ግን የጸሐፊ ሥራ ያደርጉታል። እኔ የሕክምናው አካል ነው እላለሁ። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ።

«ስልክ ሲነካካ ያደገ ልጅ ምን ሥልጠና ያስፈልገዋል?»

ቁልፍ መጫን ማንም ይችላል። ከባዱ የትክክለኛውን ሰው ካርድ መክፈት ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ሞክሼውም ብዙ ነው። ደግሞ አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ»። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆንማ ይብሳል። አንድ ሰው ሁለት ካርድ ይወጣለታል፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈው አንደኛው ላይ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የካርድ ቁጥር፣ የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፤ ሁሉንም አመሳክሩ።

«ቀኑን ኮምፒውተሩ ያውቀዋል»

አያውቀውም። እናት «መስከረም 2015 ነው የወለድኩት» ትላለች። ሲስተሙ በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ልጁ የተወለደው ሴፕቴምበር ወይም ኦክቶበር መጀመሪያ 2022 ነው። 2015ን እንዳለ ያስገባ ተማሪ 7 ዓመት ይጨምርበታል፤ የ2 ዓመት ሕፃን ቢሆን የ9 ዓመት ልጅ ያደርገዋል። 11 ኪሎ ለ2 ዓመት ልጅ ደህና ነው። ለ9 ዓመት ልጅ ግን በጣም የሚያስደነግጥ ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተሰጠ መድኃኒት «2:00» ተብሎ ከተጻፈ፣ ተረኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተሰጠ ሊመስለው ይችላል። ቀጣዩን መድኃኒት ያለጊዜው ይሰጣል።

«የትናንቱን ኮፒ ፔስት ባደርግ ጊዜ እቆጥባለሁ»

ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። አንድ ጠዋት ራውንድ ላይ፣ በሽተኞችን እየዞርን ስናይ፣ የአንዲት እናት ኖት (የሐኪም የዕለት ማስታወሻ) ከፈትን። «ከኦፕራሲዮን በኋላ 2ኛ ቀን፣ ትኩሳት የለም» ይላል። ወደኋላ ሄጄ አየሁት፤ ሦስት ቀን ሙሉ «2ኛ ቀን» ነው። ግንባራቸውን ብነካው ያቃጥላል።

«እማማ፣ መቼ ጀመረዎት?»

«ትናንት ማታ ነው ልጄ። ለዚህ ልጅ ነግሬዋለሁ።»

ተማሪው ሰነፍ አልነበረም። ሰምቷቸዋል፣ ቁስላቸውንም አይቷል። ግን የሰማውን ሳይሆን የትናንቱን ለጠፈ። እኛ ደግሞ ያነበብነው የለጠፈውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎቼን ቢያንስ የዛሬውን ምርመራ ከባዶ ጻፉ እላቸዋለሁ። ሦስት መስመር ትሁን፣ ግን የዛሬ ትሁን።

«በሲኒየሬ ፓስዎርድ ብገባ ምን ችግር አለው?»

ደህና ሲስተም ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፈ ይመዘግባል። እናንተ የተሳሳታችሁት በሲኒየራችሁ ስም ይቀመጣል፤ የሚያርማችሁም ሰው አያገኛችሁም። የጎረቤትን ካርድ ለማየት ያህል መክፈትማ የበሽተኛን ምስጢር መድፈር ነው።

«መብራት ሲጠፋ ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ፣ በቃ»

አልበቃም። መብራት ሲመጣ ወደ ሲስተሙ አስገቡት፤ የተሠራበትን ትክክለኛ ሰዓት ጨምራችሁ።

«ፎርሙን ከሞላሁ ሂስትሪ (የበሽተኛውን የሕመም ታሪክ መጠየቅ) ጨረስኩ»

ፎርሙ የተሠራው ጣና ዳር ላለው ሰው ብቻ ታስቦ አይደለም። እኛ ዘንድ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይቆይና በቆዳ በኩል ይገባል። ከዘጌ ሆዱን እያመመው የመጣ ወጣት ሲቀመጥ «ሐይቅ ውስጥ ይገባል?» የሚል ሳጥን ላታገኙ ትችላላችሁ። ስለዚህ ዓይናችሁን ከስክሪኑ ላይ አንሱ፤ ወንበራችሁን ወደ እሱ አዙሩ። «ወንድሜ፣ ዓሣ ታሰግራለህ? ትዋኛለህ?» በሉት። የመለሰላችሁን ባዶው ቦታ ላይ ጻፉትና የሰገራ ምርመራውን እዘዙ።