መጠባበቂያ ምንድን ነው? የሰዓት ፋብሪካው ሰው እና የዬል ፉትቦል

አንድ ድርጅት ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ያተረፈውን በሙሉ ለባለአክሲዮኖች አያከፋፍልም። የተወሰነውን ያስቀራል። መጠባበቂያ የሚባለው ይህ ሳይከፋፈል የቀረው ትርፍ ነው። የአገራችንን ባንኮች ዓመታዊ ሪፖርት ገልጣችሁ ካያችሁ "ሕጋዊ መጠባበቂያ" የሚል መስመር አለ፤ እሱ ነው።

ብዙ ሰው ግን መጠባበቂያ ሲባል ካዝና ውስጥ የተቆለፈ ብር ይመስለዋል። እንዲህ እንበል፦ አንድ ፋብሪካ 10,000 ዶላር አተረፈ። 6,000ውን አከፋፈለ፣ 4,000ውን አስቀረ። በዚያ 4,000 ነሐስ ገዝቶበት ይሆናል። ወይ አዲስ ማሽን ተክሎበታል። ወይ ገና ያልተሸጠ ሰዓት ሆኖ መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል። መዝገቡ ላይ ግን አሁንም "መጠባበቂያ 4,000" ይላል። ቁጥሩ ገንዘቡ የት እንዳለ አይናገርም። ከድርጅቱ አለመውጣቱን ብቻ ነው የሚናገረው።

ሰዓት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሰዓት በብዛት የሚሠራው ኮነቲከት በሚባለው ግዛት ነበር። እዚያ ቾንሲ ጀሮም የሚባል ሰው ርካሽ የነሐስ ሰዓት እያመረተ እስከ እንግሊዝ ይልክ ነበር። የግዛቱ ከተማ የኒው ሄቨን ከንቲባም ሆኗል። ኩባንያው ግን በዕዳ ተተብትቦ በ1850ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ወደቀ። ታዋቂው የትርኢት ሰው ፒ. ቲ. ባርነም ዋስ ሆኖ ፈርሞለት ነበርና አብሮ ከሰረ። የጀሮምን ፋብሪካ የያዘው ኒው ሄቨን ክሎክ ካምፓኒ ነው።

ዋልተር ካምፕ በ1880ዎቹ የተቀጠረው እዚሁ ድርጅት ውስጥ ነው። በ1903 የበላይ ኃላፊው ሆነ። አሜሪካውያን ግን በሰዓት አያውቁትም፤ "የአሜሪካ ፉትቦል አባት" ነው የሚሉት (የእኛ እግር ኳስ ሳይሆን ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው)። እዚያው ኒው ሄቨን ላለው ለዬል ዩኒቨርሲቲ ተጫውቷል፤ በኋላም ቡድኑን አሠልጥኗል። በ1882 የገባው ሕግ የእሱ ሐሳብ ነው፦ ኳስ የያዘ ቡድን በሦስት ሙከራ 5 ያርድ (4.5 ሜትር ገደማ) ካልሄደ ኳሱን ያስረክብ። ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሚውል ልምምዱን ባለቤቱ አሊስ ሄዳ ታይለት፣ ማታ ያየችውን ትነግረው ነበር። (ለዬል ድሎች የእሷም ድርሻ ትልቅ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስሟ ግን እምብዛም አይነሳም።)

ካምፕ የዬልን የስፖርት ገንዘብም ይቆጣጠር ነበር። የፉትቦል ትኬት ብዙ ገንዘብ ያስገባል፤ ከዚያ ላይ እንደ ቀዘፋ ያሉ ሌሎች ስፖርቶችም ይደጎማሉ። ካምፕ ደግሞ የፋብሪካ ሰው ነው። ገቢው ሁሉ እንዲበተን አልፈለገም። ከዓመት ዓመት የተረፈውን አስቀመጠ፤ በ1905 አካባቢ ወደ 100,000 ዶላር ደረሰ። ያኔ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በዓመት የሚያገኘው 500 ዶላር ገደማ ነበር።

ይህ በጽሑፍ ሲወጣ ትልቅ ቁጣ ተነሳ። የተቆጡትም እውነት ነበራቸው። በኩባንያ ውስጥ መጠባበቂያ ባለቤት አለው። ባለአክሲዮኑ ዳይሬክተሮችን ይመርጣል፣ በጉባኤ ላይ ሒሳቡን ይጠይቃል፣ "ትርፌን ለምን አስቀራችሁ?" ማለት ይችላል። የዬል ተማሪ ግን ትኬት ይገዛል እንጂ መዝገቡን አያይም። የእድር ገንዘብ ያዥ ሒሳቡን በስብሰባ ላይ ካላነበበ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። ሰውየው አንዲት ሳንቲም ባይነካ እንኳ ነገሩ ይበላሻል።

እኔ ካምፕ ማጠራቀሙን አልነቅፍም። ክፉ ዓመት ይመጣል፤ የጀሮም ፋብሪካ ላይ የደረሰውን ኒው ሄቨን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ጥፋቱ መዝገቡን ለሰው አለማሳየቱ ላይ ነው።

በ1914 ዬል 70,000 ሰው ገደማ የሚይዝ ስታዲየም ከፈተ። ቅርጹ ጎድጓዳ ሳህን ስለሚመስል ዬል ቦውል ተባለ። ከተጠራቀመው ገንዘብም የተወሰነው እዚያ ገባ። እንደ ፋብሪካው ነሐስ፣ የዬልም መጠባበቂያ ሲሚንቶና መቀመጫ ሆነ። ቡድኑ ዛሬም የሚጫወተው እዚያው ነው።