የሙዚቃ መጽሔት ሽፋን ምንድን ነው? ዓይንስ የሚይዘው እንዴት ነው?

ሙዚቃ ቤት ደንበኛ የሚጠራው በስፒከር ነው። ዘፈኑን በር ላይ ይለቀዋል፤ አላፊ አግዳሚው በጆሮው ተስቦ ይገባል። የሙዚቃ መጽሔት ይህ ዕድል የለውም። ስለ ድምፅ ያወራል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ስለዚህ ሰው የመጥራቱ ሥራ በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ይወድቃል። ያ ገጽ ሽፋኑ ነው።

ሽፋን የምንለው የመጽሔቱን የፊት ገጽ ነው። ላዩ ላይ የመጽሔቱ ስም አለ። መሐል አንድ ትልቅ ፎቶ። ዳር ዳሩን ደግሞ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠቁሙ አጫጭር ጽሑፎች። ዋጋውና ቀኑ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ይህን ማንም ያውቃል። ብዙዎቻችን የማንጠይቀው እያንዳንዱ ነገር ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

አዟሪ ያየ ሰው መልሱ ቶሎ ይገባዋል። ድሬዳዋ ላይ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር መጽሔት ይዞ የሚዞር ልጅ ዕቃውን ክንዱ ላይ ደርድሮ ነው የሚሄደው። አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል። ከእያንዳንዱ መጽሔት የሚታየው የላይኛው ጠርዝና የግራው በኩል ብቻ ነው። በውጭ አገር ሱቆች መደርደሪያ ላይም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው ሽፋን የሚሠሩ ሰዎች ስሙን ላይ የሚያደርጉት፣ ገዢ የሚስበውን ጽሑፍ ደግሞ በግራው ሲሶ ውስጥ ለማስገባት የሚታገሉት። «ኪው» የሚባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2020 ታትሟል። መለያው በቀይ ሳጥን ውስጥ ያለች አንዲት ነጭ የ«Q» ፊደል ነበረች፤ ቦታዋም የላይኛው ግራ ጥግ። ሌላ መጽሔት ቢደረብበት እንኳ ያቺ ቀይ ሳጥን ብቅ ማለቷ አይቀርም።

ሐረር ወይም ድሬ ላደገ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የዐረብኛ መጽሔት የሚከፈተው በተቃራኒው ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ስለዚህ እዚያ የወርቅ ቦታው የቀኙ ጠርዝ ነው። ደንቡ የመጣው ከአነባበባችን ነው ማለት ነው። በግራ የተለየ ውበት ስላለ አይደለም።

ወደ ፎቶው እንምጣ። እኔ የሽፋን ነፍስ ያለው እዚህ ነው ባይ ነኝ።

ብዙ የሙዚቃ መጽሔቶች ሽፋናቸው ላይ አንድ ሰው ያወጣሉ፤ ያም ሰው በቀጥታ ካሜራውን ያያል። ካሜራውን ሲያይ አንባቢውን ያያል። ሰው የሚያየውን ዓይን ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል። መንገድ ላይ የሚያውቅህ የሚመስል ሰው ሲያይህ ዞር እንደምትለው ማለት ነው። ዘፋኙ ፊቱን ቢያዞር፣ ጥቁር መነጽር ቢያደርግ ወይም ዓይኑን ቢጨፍን ስሜቱ ሌላ ይሆናል። ራቅ ያለ፣ ምስጢር ያለው ሰው ይመስላል። ሁለቱም ይሠራሉ። ግን የትኛውን እንደፈለግክ አውቀህ መምረጥ አለብህ።

በዚህ በኩል አንድ ሽፋን ሳይጠቀስ አይታለፍም። አሜሪካዊው «ሮሊንግ ስቶን» እ.ኤ.አ. በ1967 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲመሠረት የመጀመሪያው ዕትሙ ላይ የወጣው የቢትልስ ባንድ ዘፋኝ ጆን ሌነን ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1980፣ አኒ ሊቦቪትዝ የተባለችው ፎቶ አንሺ ሌነንን ከባለቤቱ ከዮኮ ኦኖ ጋር አነሳቻቸው። ዮኮ ጥቁር ልብስ ለብሳ ተጋድማለች። እሱ ራቁቱን እግሩን አጥፎ እላይዋ ላይ ተጠቅልሎ ጉንጯን ይስማታል። በዚያው ምሽት ሌነን በጥይት ተገደለ። መጽሔቱ ፎቶውን ጃንዋሪ 22 ቀን 1981 በወጣው ዕትሙ ሽፋን አደረገው። አንድም ርዕስ አልጻፈበትም። «ሌነን አረፈ» የለም፣ «ልዩ ዕትም» የለም። የመጽሔቱ ስምና ፎቶው ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ መጽሔት አዘጋጆች ማኅበር ካለፉት 40 ዓመታት ሽፋኖች ሁሉ አንደኛ ብሎ የመረጠው ይህንን ነው። እኔ ይህን ሽፋን ባየሁ ቁጥር የሚገርመኝ የአዘጋጆቹ ድፍረት ነው። ያን የሚያህል ዜና በእጅህ ይዘህ አንድ ቃል አለመጻፍ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ፊደልም ይዘፍናል። «ኬራንግ» የሚባለው የእንግሊዝ የሮክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጀመር ስሙን የወሰደው ኤሌክትሪክ ጊታር በኃይል ሲመታ ከሚያወጣው ድምፅ ነው። ፊደሎቹም የተሰነጠቁ ናቸው፣ በድምፅ ብዛት የተሰበሩ ይመስላሉ። ውስጡን ሳታነብ ጫጫታ እንዳለበት ታውቃለህ።

የኛ ፊደል ላይ ሥራው ትንሽ ይለያል። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ የሚባል የፊደል ዓይነት የለውም። በላቲን ፊደል የሚጽፉት ስሙን በሙሉ በትልልቁ ፊደል ጽፈው እንደሚያስጮሁት እኛ አንችልም። እኛ ያለን ውፍረት፣ መጠን፣ ቀለምና የእጅ ጽሑፍ ነው። በተለይ የእጅ ጽሑፉ ሀብት ነው። የሱቅ ማስታወቂያ በብሩሽ ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች «ሙዚቃ» የሚለውን ቃል የሚያስጨፍሩበት መንገድ አላቸው። ኮምፒውተር ላይ ሁሉም በአንድ ዓይነት ፎንት ሲጽፍ ይህ እየጠፋ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ስለ አጫጭሮቹ ጽሑፎች ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአማርኛ መጽሔቶች የሚወዱት ከቃለ ምልልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር መዝዘው በጥቅስ ማውጣት ነው። «ከመድረክ የራቅኩት በምክንያት ነው» የሚል ዓይነት። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ምክንያቱን ለማወቅ ትገዛለህ። ግን ውስጥ ስትገባ ምክንያቱ ከሌለ፣ ወይም «ብቸኛ ቃለ ምልልስ» የተባለው ከፌስቡክ የተለቃቀመ ሁለት አንቀጽ ከሆነ፣ አንባቢው በሚቀጥለው ወር አይመለስም። ልክም ነው።

እስቲ አሁን አንድ ሽፋን አብረን እንሥራ። የድሬው ልጅ፣ ድምፃዊው ዓሊ ቢራ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው ያረፈው። እሱን የሚዘክር መጽሔት እናወጣለን እንበል። የመጀመሪያው ፈተና ሁሉንም ነገር ማስገባት መፈለግ ነው። የወጣትነት ፎቶው፣ የመጨረሻ ፎቶው፣ የባቡር ጣቢያው፣ የሐረር ግንብ፣ ሻማ፣ አበባ። ይህ ሁሉ ከገባ ማንም ዓሊን አያይም። እኔ ብሆን አንድ ፎቶ እወስዳለሁ። ፊቱ ቀረብ ብሎ፣ የኡዱ (የሚጫወተው ባለ ክር መሣሪያ) አንገት ከታች በግራ በኩል ወደ ላይ ወጥቶ። ኡዱ ዓይንህን ይዞ ወደ ፊቱ ይወስዳል። ጀርባው ባዶ ይሁን። የጽሑፉን ቀለም ከኡዱ እንጨት ላይ እወስዳለሁ፤ ያኔ ጽሑፉና ፎቶው ይግባባሉ። ጽሑፉስ? «የታላቁ ድምፃዊ ሕይወትና ሥራዎች» ብትል ምንም አላልክም፤ ስለማንም ሊባል ይችላል። «በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛ» ብለህ ከሥሩ «ዓሊ» ብትጽፍ ግን የድሬ ሰው ወዲያው ይቆማል። ከተማው የሚያወራው እንደዚያ ነውና።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ታዋቂ መጽሔቶች የዘፋኙ ጭንቅላት የስማቸውን ፊደል እንዲሸፍን ያደርጋሉ። ፎቶው ከወረቀቱ የወጣ ይመስላል፣ ያምራል። አንባቢው ስሙን በግማሽ ፊደልም ስለሚያውቀው ይችላሉ። የኛ መጽሔት አዲስ ስለሆነ ስሙን ሙሉ እንተወዋለን።

ይህ ሁሉ ለመጽሔት ብቻ አይደለም። ዛሬ ሙዚቃ የምናገኘው ዩቲዩብ ላይ ነው። እዚያ ሽፋኑ ተምኔይል ይባላል፤ ስልክ ላይ ከክብሪት ሣጥን ብዙም አይበልጥም። የኮንሰርት ፖስተርም ያው ነው። በከተማችን ግድግዳ ላይ የማየው ፖስተር ብዙውን ጊዜ ስምንት ዘፋኝ፣ አምስት ስፖንሰርና ሦስት ስልክ ቁጥር ተጨናንቀውበት ነው። ሁሉም ዘፋኝ እኩል ካልታየ የሚቀየም አለ፣ ይገባኛል። ግን በባጃጅ የሚያልፍ ሰው አንድ ፊትና አንድ ቀን ነው የሚይዘው። ዲዛይን የምትሠሩ የድሬና የሐረር ልጆች፣ ፋይሉን ለማተሚያ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አሳንሱትና ምንም ለማያውቅ ሰው ለሁለት ሰከንድ አሳዩት። ማን እንደሚዘፍንና መቼ እንደሆነ ካልነገራችሁ፣ ከላዩ የሆነ ነገር ቀንሱለት።