ፓልም ዘይት ምንድን ነው? ከደን ጭፍጨፋስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ፓልም ዘይት የትውልድ አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ከሆነ የዘንባባ ዓይነት ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ነው። ፍሬው በትልልቅ ዘለላ የሚያፈራ ሲሆን፣ ሠራተኞች በረጅም ዘንግ ጫፍ በታሰረ ማጭድ እየቆረጡ ያወርዱታል። የፍሬው ሥጋ ሲጨመቅ ቀላ ያለ ብርቱካናማ ዘይት ይወጣዋል፤ ከመካከሉ ካለው አስኳል ደግሞ ለሳሙናና ለመዋቢያ ምርቶች የሚፈለግ ሌላ ዘይት ይገኛል። በጀሪካን ገዝተን የምንጠቀምበት ፈዛዛ ቢጫ ዘይት ቀለሙና ሽታው በማጣሪያ ፋብሪካ የተወገደለት ነው። ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ዓይነት ስለሆነ በአዲስ አበባ የክረምት ማለዳ ነጭ ሆኖ ይጠጥራል፤ ባለቤቱም ፀሐይ ላይ አውጥቶ ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማቅለጥ ይኖርበታል። ለብስኩት፣ ለቸኮላትና ለማርጋሪን አምራቾች ግን ይህ መርጋቱ ትልቅ ጥቅም ነው።

ዛፉ በ1848 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኔዘርላንድ ቅኝ ገዥዎች አማካይነት ዛሬ የኢንዶኔዥያ ወደ ሆነችው ጃቫ ደሴት ተወስዶ በቦጎር የዕፅዋት ማዕከል ተተከለ፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም በሌላዋ የኢንዶኔዥያ ደሴት በሱማትራና በማሌዥያ ሰፋፊ እርሻዎች ተከፈቱ። ዛሬ ከዓለም ምርት 85 በመቶ ገደማውን የሚያቀርቡት ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ናቸው።

ጥፋቱ የመጣው ከዛፉ ሳይሆን ከተተከለበት ቦታ ነው። ዘንባባው ሙቀትና ዝናብ የማይለየው የምድር ወገብ አካባቢ ይፈልጋል፤ ያ አካባቢ ደግሞ የጥቅጥቅ ደን አገር ነው። በሱማትራና በቦርኒዮ ደሴቶች ከደኑ በታች፣ በውሃ ተሸፍኖ ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት በሜትሮች ጥልቀት ተኝቶ ይገኛል። ለእርሻ ሲባል ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ሲንጣፈፍ ይህ አፈር ደርቆ ያከማቸውን ካርቦን ወደ አየር ይለቃል፣ እሳት ከነካውም ከመሬት በታች ለሳምንታት ሲጨስ ይከርማል። በ2015 በኢንዶኔዥያ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት ተቃጥሎ ጢሱ ሲንጋፖርንና ማሌዥያን ጭምር አፍኗል። ቃጠሎው ሁሉ የፓልም እርሻ ያስነሳው አልነበረም፤ የደረቀው መሬት ግን ማገዶ ሆኖ ጠብቆታል። መኖሪያውን ያጣው ኦራንጉታን የተባለ የቦርኒዮ ትልቅ ዝንጀሮ መሰል እንስሳም በ2016 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ እንስሳት ተርታ ተመዝግቧል።

ታዲያ ፓልም ዘይትን ጨርሶ መተው መፍትሔ ይሆናል? በእኔ እምነት አይሆንም። ከአንድ ሄክታር የፓልም እርሻ በዓመት ከሦስት ቶን በላይ ዘይት ሲገኝ፣ ከአንድ ሄክታር አኩሪ አተር የሚገኘው ግማሽ ቶን ገደማ ነው። ስለዚህ ገዢው ሁሉ ወደ ሌላ ዘይት ቢዞር የሚታረሰው መሬት በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ጭፍጨፋውም ቦታ ከመቀየር አልፎ አይቆምም። በኢንዶኔዥያ ከፓልም እርሻው 40 በመቶ ገደማው የአነስተኛ ገበሬዎች መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በዚያው አገር ለፓልም ሲባል የሚካሄደው የደን ምንጠራ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው በእጅጉ ቀንሷል፤ ይህም ጫናና ቁጥጥር ፍሬ እንደሚያፈራ ያሳያል።

የሸማቹ ኃላፊነት እንግዲህ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ላይ ነው። ይህን ለማረጋገጥ በ2004 የተቋቋመው ዘላቂ የፓልም ዘይት ጉባኤ ለእርሻዎች የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ከዓለም ምርት አንድ አምስተኛ ገደማው በዚህ መንገድ የተመሰከረለት ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ከ2020 በኋላ ከተጨፈጨፈ ደን የመጣ ፓልም ገበያው እንዳይገባ ወስኗል።

በየወሩ በሸማቾች ማኅበር ተሰልፎ በድጎማ ዋጋ የመጣለትን ዘይት የሚወስድ ሰው ግን የሚመርጠው የለውም፤ በርሊን ውስጥ የብስኩት ማሸጊያ እያገላበጠ ከሚያነብ ሰው እኩል ሊጠየቅ አይገባም። ኢትዮጵያ አብዛኛውን የምግብ ዘይቷን ከውጭ የምታስገባ፣ ከዚያም ትልቁ ድርሻ ፓልም የሆነ አገር እንደመሆኗ፣ እዚህ ጥያቄው ሊቀርብ የሚገባው በጅምላ ለሚገዙት ለመንግሥትና ለአስመጪዎች ነው። የተቆረጠ ፍሬ ቶሎ ስለሚበላሽ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መጨመቅ አለበት፤ በመሆኑም እርሻው ከመጭመቂያው ብዙ አይርቅም። የመጭመቂያው ስም ከታወቀ በዙሪያው ያለውን ደን በሳተላይት ምስል መከታተል ይቻላል፤ በርካታ ትልልቅ ኩባንያዎችም የሚገዙባቸውን መጭመቂያዎች ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ ያደርጋሉ። ይኸው ዝርዝር ከእያንዳንዱ የግዥ ውል ጋር እንዲቀርብ መጠየቅ ለአገራችን ገዢዎች የሚከብድ ነገር አይደለም።