ኦፍሴት ምንድን ነው? ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወዴት ይሄዳል?

ከሳምንታት በፊት አንድ ቅዳሜ አንድ ልጅ አራት ቸርኬ ጭኖ መጣ። ቨርጂኒያ ውስጥ ጎማ ቤት ነው የምሠራው። ቅዳሜ ደግሞ ሰው ተሰልፎ ነው የሚጠብቀን። መኪናው ቢኤምደብሊው 328 ነው፣ ኢ90 የሚባለው ሞዴል፣ በደንብ የተያዘ። ቸርኬዎቹ 18 ኢንች፣ ስፋታቸው 9.5፣ ኦፍሴታቸው 22።

«ጋሼ፣ የፋብሪካው 34 ነው። ይሄ 22 ስለሆነ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ፓራፋንጎ አይነካም» አለኝ፤ ጥርጥር የሚባል የለበትም።

ማን ነገረህ አልኩት። ስልኩን አወጣ። አንድ ወንድማችን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ከመኪናው የሚወጣበት ልክ ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ይወጣል፣ ትንሽ ከሆነ ይገባል» እያለ ያስረዳል። ይህን ቪዲዮ ዘንድሮ ያሳየኝ ሰው ይሄ አራተኛው ነው። ሦስቱን በቃል አስረድቼ ሸኘሁ። አራተኛው ላይ ትዕግስቴ አለቀ፣ ይኸው ጻፍኩት።

ብሎን ስንት ነው፣ 17 እና 18 ኢንች ምንድን ነው የሚለውን አልነካውም። ቸርኬ ሊገዛ የተነሳ ሰው ያንን ያውቃል ብዬ ነው።

ቸርኬውን በሐሳብህ ፊትና ጀርባ አድርገህ እኩል ለሁለት ሰንጥቀው። የተሰነጠቀበት ቦታ የመሃል መስመር ነው። ሌላ ደግሞ ቸርኬው ከሞዞው፣ ማለትም መኪናው ላይ ካለው ቸርኬ ከሚታሰርበት አካል፣ ጋር የሚገጥምበት ጠፍጣፋ ፊት አለ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ያሉበት። ኦፍሴት በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው፣ በሚሊሜትር። ይኸው ነው። ፊቱ ከመሃል መስመሩ ወደ መንገዱ በኩል ካለ ፖዘቲቭ ይባላል፣ ወደ መኪናው በኩል ካለ ኔጌቲቭ። ቸርኬው ጀርባ ላይ «ኢቲ» ተብሎ ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ ጀርመኖቹ አይንፕሬስቲፈ ከሚሉት የመጣ ነው።

ሰው የሚስተው ቀጥሎ ነው። ፊቱ ወደ መንገዱ በሄደ ቁጥር ጎማው አብሮ ወደ መንገዱ የሚሄድ ይመስለዋል። ሞዞው ግን መኪናው ላይ የተተከለ ነገር ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ፊቱ ሄዶ እዚያው ሞዞ ላይ መለጠፍ አለበት። ስለዚህ ፊቱ ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር የቀረው የቸርኬ አካል ወደ ውስጥ ይገባል። ቁጥሩ ሲያድግ ጎማው ወደ መኪናው ይሸሻል። ሲያንስ ወደ ውጭ ይወጣል። ወንድማችን የተናገረው ግልባጩን ነው።

ነጠላ አስብ። ትከሻህ ሞዞው ነው፣ ደረትህ በመንገዱ በኩል፣ ጀርባህ አሞርዛተሩ (የመኪናውን ንጥቂያ የሚያበርደው) ባለበት በውስጥ በኩል። ነጠላውን አንድ ትከሻህ ላይ ጣል ስታደርገው ከፊሉ በደረት ከፊሉ በጀርባ ይወርዳል። ልክ መሃሉ ትከሻህ ላይ ካረፈ ኦፍሴት ዜሮ ነው። ወደ ኋላ ሳብ አድርገኸው በደረት ካጠረ፣ በጀርባ ከረዘመ፣ ያ ፖዘቲቭ ነው። የዛሬ ሴዳኖች የሚለብሱት እንዲህ ነው፣ ከጀርባ ረዘም አድርገው። ቁጥሩ የሚነግርህ የነጠላው መሃል ትከሻህን አልፎ ስንት ሚሊ ወደ ጀርባ እንደሄደ ነው። 34 ካለ 34 ሚሊ አልፏል። 22 ካለ ደግሞ ያለፈው 22 ብቻ ነው፤ 12 ሚሊ ወደ ደረት ተመልሷል ማለት ነው። ሰው ትንሽ ቁጥር የሚወደውም ለዚህ ነው፣ ጥለቱ ፊት ለፊት እንዲታይለት። ጠለቅ ያለ ባለ ከንፈር ቸርኬ የሚፈልግ ሁሉ ጥለት ፈላጊ ነው። አልፈርድበትም፣ እኔም ወጣት ነበርኩ።

አሁን ነጠላውን አስቀምጥና ጋቢ ልበስ። ጋቢው ሰፋ ስለሚል መሃሉን እዚያው ቦታ ላይ ብታሳርፈውም በሁለቱም በኩል ይረዝማል፤ ስለዚህ «ኦፍሴቱ ከፋብሪካው ጋር አንድ ነው፣ ይገባል» የሚለው ሁለተኛው ስህተት ነው፣ እሱም በየሳምንቱ ይመጣል።

በልጁ መኪና እናስላው። የፋብሪካው ቸርኬ 17 ኢንች ሆኖ ስፋቱ 8፣ ኦፍሴቱ 34 ነው። አዲሱ 9.5 ነው። አንድ ኢንች ተኩል ሰፋ ማለት 38 ሚሊ ነው፣ ለሁለት ሲካፈል በየጎኑ 19። ኦፍሴቱ ከ34 ወደ 22 ሲወርድ ሙሉ ቸርኬው 12 ሚሊ ወደ ውጭ ሄደ። በመንገዱ በኩል 19 ሲደመር 12፣ 31 ሚሊ ወጣ። በአሞርዛተሩ በኩል 19 ሲቀነስ 12፣ 7 ሚሊ ገባ። «ወደ ውስጥ ይገባል» የተባለው ቸርኬ ከሦስት ሳንቲሜትር በላይ ወደ ውጭ ይወጣል ማለት ነው።

ያው 9.5 ቸርኬ ኦፍሴቱ 34 ቢሆን ኖሮስ? በሁለቱም በኩል 19፣ 19 ሚሊ። ኦፍሴቱ ከፋብሪካው ጋር አንድ ነው፣ ግን የፊት ጎማዎቹ ላይ አሞርዛተሩን ሊነካ ይችላል። ኦፍሴት ብቻውን ምንም አይነግርህም። ሁልጊዜ ከስፋቱ ጋር ነው የሚነበበው።

ወንድማችን ደግሞ «እኔ 22 ገጥሜ አንድ ቀን አልነካኝም» ይላል ቪዲዮው መጨረሻ ላይ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ቸርኬው 7.5 ከሆነ፣ በዚህ መኪና ላይ ከፋብሪካው የሚወጣው ወደ 6 ሚሊ ብቻ ነው። እሱ ነጠላ ለብሶ ጋቢ ለለበሰው ልጅ ይመክራል።

ስፔሰርም (በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባው ጠፍጣፋ ብረት) ሌላ ነገር አይደለም። 15 ሚሊ ስፔሰር ከኋላ ካስገባህ 35 የነበረው እንደ 20 ሆነ ማለት ነው፣ በቃ። ብሎኑ ግን በዚያው ልክ መርዘም አለበት። ኢ90 የሚታሰረው በ12 ሚሊ ብሎን ነው፣ ጥብቀቱ 120 ኒውተን ሜትር። አጭር ብሎን በሦስት ጥርስ ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ። ባለቤቱ በሃይዌይ ነበር የመጣው፤ እኔ ስፈታው እጄ ተንቀጠቀጠ።

ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይበጠሳል፤ ነጠላ አይሽከረከርም፣ መኪናም አይሸከምም። ጎማው 12 ሚሊ ወደ ውጭ ሲሄድ ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይለወጣል፣ መሪውም ይለወጣል። በቦይ ቦይ መንገድ ላይ መሪው ወዲያና ወዲህ ይጎትትሃል፣ ፍሬን ስትይዝም እንዲሁ። አምስት ስድስት ሚሊ ላይ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሃያ ሠላሳ ላይ ግን «አላይመንት ሥራልኝ» ብሎ ይመጣል፣ አላይመንቱ ደግሞ ምንም አልሆነም።

ሌላም ማንም ያልጠየቀኝ ነገር አለ፣ የመሃሉ ቀዳዳ። የዚህ መኪና ሞዞ 72.6 ሚሊ ነው። ገበያ ላይ ያለ ቸርኬ ለብዙ መኪና እንዲሆን ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ይሠራል፣ ክፍተቱን የሚሞላው ቀለበት ነው። ቀለበቱን የረሳ ሰው በ60 ማይል መሪው ይንቀጠቀጥበታል፣ ከዚያ ባላንስ ያሠራል፣ እንደገና ያሠራል፣ በመጨረሻ ባላንስ የሠራውን ልጅ ይሰድባል። ያ ልጅ እኔ ነኝ።

ወደ ጎማው እንምጣ፣ ምክንያቱም ልጁ 9.5 ቸርኬ ላይ 225/40 ባለ 18 ጎማ (225 የጎማው ስፋት በሚሊ፣ 40 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ፣ 18 የቸርኬው ኢንች) ሊወጥር ነበር ያሰበው። የዚያ ጎማ የሚፈቀድ የቸርኬ ስፋት ከ7.5 እስከ 9 ነው። 9.5 ከልኩ ውጭ ነው፣ አልገጥምም አልኩት። «ሁሉም ሰው ይገጥማል» አለኝ። ሁሉም ሰው ሄዶ ይግጠምለት።

ቁመቱ ላይ ግን ጥሩ መርጧል። የፋብሪካው 225/45 ባለ 17 ሙሉ ቁመቱ 634 ሚሊ ነው። 225/40 ባለ 18 ደግሞ 637። ልዩነቱ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፣ የፍጥነት ቆጣሪው አያውቀውም። 245/40 ባለ 18 ብታደርግ ግን 653 ይሆናል፣ ሦስት በመቶ ወደ ላይ። ቆጣሪው ከእውነተኛው ፍጥነትህ ያነሰ ያሳይሃል፣ ፓራፋንጎውም ይጠብሃል። ባለ አራት ጎማ ጉተታ መኪና ካለህ፣ ሱባሩ በለው የቢኤምደብሊው ኤክስድራይቭ፣ የፊትና የኋላው ቁመት ከተለያየ ዋጋውን በማስተላለፊያው ነው የምትከፍለው። የጭነት ቁጥሩንም እይ። 91 ካለ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ከፋብሪካው በታች አትውረድ።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ባለ 18 ላክልኝ ሲለኝ የምመልስለት አንድ ነገር ነው። 225/45 ላይ በቸርኬውና በመንገዱ መካከል 101 ሚሊ ላስቲክ አለህ። 225/40 ላይ 90። አሥራ አንድ ሚሊ ምን አላት ትላለህ፣ በማታ ዝናብ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ እስክትገባ ድረስ።

ልጁን መኪናው አጠገብ ወሰድኩት። ክር አለችኝ፣ ጫፏ ላይ አንድ ዳዶ የታሰረባት፣ ከአዲስ አበባ ጎሚስታ ቤት ጀምሮ የያዝኳት ልማድ ናት። ክሩን ከፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ፣ ከጎማው አናት በላይ፣ ቀጥ አድርገህ ታንጠለጥላለህ። ከክሩ እስከ ጎማው ዳር ያለው ወደ ውጭ ያለህ ቦታ ነው። ከዚያ መሪውን አዙረህ በውስጥ በኩል በጎማውና በአሞርዛተሩ መካከል ትለካለህ። መኪናው መሬት ላይ መቆም አለበት። በክሪክ አንስተህ ከለካህ ጎማው ተንጠልጥሎ ወርዶ ስለሚሆን ልኩ ይዋሽሃል። ሞላውን ያሳጠርክ ከሆነ ደግሞ ካሳጠርክ በኋላ እንደገና ለካ።

በዳዶዋ በኩል የተገኘው ቦታ 20 ሚሊ አልሞላም። ሊገጥም ያሰበው 31 ይፈልጋል። ሌላ ነገር መናገር አላስፈለገኝም፣ ልጁ ራሱ ክሩን ይዞ ዝም አለ።

ቸርኬዎቹን ሸጠ። በሁለት ሳምንቱ 18 ኢንች፣ ስፋት 8.5፣ ኦፍሴት 35 ይዞ መጣ። ይሄ በመንገዱ በኩል ወደ 5 ሚሊ ይወጣል፣ በውስጥ ወደ 7 ይገባል። ያንኑ 225/40 አሰርንበት፣ ቀለበቱም ገባ፣ መሪው ሲዞር ጥርት ያለ ነው። ትንሽ ነድቶ ብሎኑን እንዳጠብቅለት እንዲመለስ ነገርኩት። አዲስ ቸርኬ በመጀመሪያዎቹ 50 እስከ 100 ማይል ላይ ይረጋጋል፣ ብሎኑ ሊላላ ይችላል።

ትናንት ተመለሰ። ብሎኑን እያጠበቅኩ ሳለ ከጀርባዬ ቆሞ ቸርኬውን ያያል፣ ፓራፋንጎውን ያያል።

«ጋሼ፣ 15 ሚሊ ስፔሰር ብንጨምርበትስ?»

«ስንት ይሆናል?» አልኩት ቀና ሳልል።

«20።»

«ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ውጭ።»

ቢያንስ እሷን ይዟታል።