በታሪክ ትምህርት «ለውጥና ቀጣይነት» ምንድን ነው?

ደሴ ወይም ወልድያ የሚማር ልጅ «በ1967 ዓ.ም. ምን ሆነ?» ቢባል መልሱ አይቸግረውም፦ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ሥልጣን ያዘ፣ የመሬት አዋጅ ወጣ። «እሺ፣ ከአዋጁ በኋላ በአምባሰል ገበሬ ኑሮ ምኑ ተለወጠ? ምኑስ እንደነበረ ቀጠለ?» ሲባል ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። በታሪክ ትምህርት ለውጥና ቀጣይነት የምንለው ይህን ሁለተኛ ጥያቄ አንሥቶ በማስረጃ የመመለስ ችሎታ ነው።

ክስተት ቀን አለው። ለውጥ ግን ሂደት ነው፤ አንዳንዱ በወራት ያልቃል፣ አንዳንዱ ትውልድ ይፈጃል። ቀጣይነትም ቢሆን «ምንም አልሆነም» ማለት አይደለም፤ ዘመን እየተለዋወጠ ጸንቶ የቆየ ነገር ሁሉ ያቆየው ምክንያት አለው። የባቲን የሰኞ ገበያ እንይ። አሞሌ ጨው በብር፣ ግመል በመኪና ቢተካም ገበያው አልቀረም፤ ባቲ የአፋር ቆላና የወሎ ደጋ መገናኛ ናትና ከብት አርቢው እህል፣ አራሹም ከብት መፈለጉን አልተወም።

ወደ መሬቱ ልመለስ፤ ለወሎ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኝነትን ሻረ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ወሰነ። ጭሰኛው ከምርቱ ለባለመሬት መስፈሩ ቀረለት። ለባላባቱ ያው አዋጅ ርስቱን ያጣበት ቀን ነው። ስለዚህ «ለውጥ መጣ» ያለ ተማሪ «ለማን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። በሌላ በኩል ሞፈርና ቀንበሩ፣ ጥንድ በሬው፣ ዝናብ ጠባቂነቱ እንዳለ ቀጠለ። በልግ ሲቀር የደጋው ገበሬ ጎተራ ከአዋጁ በኋላም ባዶ ይሆን ነበር። የ1966ቱ ረሃብ ሐዘን ሳይሽር በ1977 ወሎ እንደገና ተራበ፤ በድርቁ ላይ ጦርነቱና የመንግሥቱ ፖሊሲ ተጨምረውበት። ተማሪው «መሬቱ የአራሹ ሆኖ ሳለ ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ያኔ ታሪክ ማጥናት ጀምሯል።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። በ1983 ደርግ ወደቀ፤ መንግሥትም ሥርዓትም ተለወጠ። የመሬት አለመሸጥ ግን ከ1967ቱ አዋጅ ተሻግሮ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ጸና። ዘመንን በነገሥታትና በመሪዎች ብቻ የሚከፍል ተማሪ ይህን መስመር ጨርሶ አያየውም።

የሃይማኖቱም ታሪክ እንዲሁ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ ከጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ፣ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ በኋላ የወሎው ገዢ ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ከላይ የገዢው ስምና እምነት ተለወጠ፤ እስልምና ግን በወሎ ሕዝብ ዘንድ ጸንቶ ኖረ። ዛሬም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳሞች ይገኛሉ።

ክፍል ውስጥ ረጅም የዘመን ሰንጠረዥ ከማስገልበጥ አንድ ነገር መርጦ ሁለት ጊዜያትን ማስተያየት ይበልጣል። ልጆቹን ወደ አያቶቻቸው መላክም መልካም ነው፤ ሆኖም ሽማግሌ «ድሮ» ሲል የትኛውን ድሮ ማለቱ እንደሆነ መለየትን አስቀድመን እናስተምራቸው። «አባባ፣ ይኼ ከሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የምትል ልጅ የአያቷን ትዝታ በዘመኑ ቦታ አስቀመጠችው። ያኔ የተሻለ ነበር፣ አሁን ይሻላል የሚለው ፍርድ ግን ይቆይ፤ ለውጥ ሁሉ መሻሻል ስላልሆነ መጀመሪያ ምን እንደተለወጠ በትክክል ይታወቅ።

ፈተናም ከዚሁ ጋር ይስማማ። «የመሬት አዋጁ የወጣው መቼ ነው?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ መምህር ቀን የሚሸመድድ ተማሪ ያፈራል። «በ1960 እና በ1970 ዓ.ም. መካከል በአንድ የወሎ ገበሬ ቤት የተለወጠ አንድ ነገርና ያልተለወጠ አንድ ነገር ጥቀስ፤ ያልተለወጠውን ምን እንዳቆየውም አስረዳ» ይባል፤ ከነጥቡም ትልቁ ድርሻ ለመጨረሻዋ ክፍል ይሰጥ።