የመሬት መንቀጥቀጥ ሴንሰር አተካከልና የኖይዝ ቅነሳ በአዲስ አበባ ዙሪያ

በአዲስ አበባ የመሬት መንቀጥቀጥን በመሣሪያ መከታተል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በዩኒቨርሲቲው አራት ኪሎ ግቢ ነው። ዛሬ መሀል ከተማ ጸጥ ያለ መሬት ስለማይገኝ ጥሩ ጣቢያ የሚፈለገው ዳር ላይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,570 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የፉሪ ተራራ ጣቢያ የዓለም አቀፉ የሲስሞግራፍ አውታር አካል ነው።

ኖይዝ፣ ማለትም ከመሬት መንቀጥቀጡ ምልክት ጋር የሚቀላቀል ያልተፈለገ ንዝረት ወይም ምልክት፣ የሚቀንሰው ከሁሉ በፊት በቦታ ምርጫ ነው። የመኪና፣ የወፍጮና የጀነሬተር ንዝረት በአብዛኛው ከ1 እስከ 20 ኸርዝ (በሰከንድ ከ1 እስከ 20 ጊዜ መርገብገብ) ባለው ክልል ይወድቃል፤ በቅርብ የተነሣ መንቀጥቀጥ ጉልበቱም እዚያው ነው። ስለዚህ ፊልተር (ንዝረትን በኸርዝ ክልሉ የሚያጣራ) አንዱን ሲቆርጥ ሌላውንም ይዞት ይሄዳል። በለቡና በእንዶዴ በኩል የሚያልፈው የጅቡቲ ባቡርም ንዝረቱ ከሐዲዱ ርቆ ይሰማል። ጥቁር መረሬ አፈር ፈጽሞ አይሆንም፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ሴንሰሩን ያዘማል። ጠንካራ አለት እስኪገኝ መቆፈር ግድ ነው። ባሕር ዛፍ አጠገብም አይተከልም፤ ነፋስ ግንዱን ሲያወዛውዘው ሥሩ ንዝረቱን ወደ መሬት ያወርዳል።

ሴንሰሩ የሚያርፍበት የኮንክሪት መደብ በቀጥታ አለቱ ላይ ይፈሳል፤ ፌሮና ትልልቅ ጠጠር አይገባበትም። ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ግን አይነካካም። ዙሪያውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ካልተተወለት ነፋስ የቆርቆሮ ጣሪያውን በመታ ቁጥር ንዝረቱ በግድግዳው በኩል ሴንሰሩ ይደርሳል።

ረጅም ሞገድ የሚለካ ሴንሰርን አብዝቶ የሚያስቸግረው የሙቀት መለዋወጥ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ መደቡ ዓይን በማያየው መጠን ያዘማል። ያን ጊዜ የመሬት ስበት በአግድም ቻናሎቹ (የጎንዮሽ እንቅስቃሴን በሚመዘግቡት የሴንሰሩ ክፍሎች) ላይ ስለሚያርፍ መዝማሙ እንደ እንቅስቃሴ ይመዘገባል፤ የሽቅብ ቻናሉን እምብዛም አይነካውም። መፍትሔው ሴንሰሩን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው የፎም ሣጥን መክደን ነው። ሣጥኑ ጠበብ ይበል፤ ሰፊ ከሆነ ውስጡ ያለው አየር ራሱ እየተዘዋወረ ኖይዝ ይፈጥራል። በውኃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ የእግሮቹ ማጥበቂያ ብሎን ይታሰራል፤ ኬብሉም ላላ ተደርጎ መጀመሪያ መደቡ ላይ ይያዛል። የተወጠረ ኬብል ሴንሰሩን ይጎትታል።

የኤሌክትሪክ ኖይዝ ቀላሉ ነው፦ የኬብሉ መከለያ በአንድ ጫፍ ብቻ ኧርዝ ይደረጋል፣ የሶላር ቻርጀሩም ከሲግናል ኬብሉ ይርቃል።

ከተከላ በኋላ የ24 ሰዓት መዝገብ ወስዶ ቀኑን ከሌሊቱ ማነጻጸር ያስፈልጋል። መሣሪያው የሚቆጥረው በዓለም አቀፍ ሰዓት (UTC) ስለሆነ የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እዚያ 23:00 ነው። ሌሊትም የማይቀንስ ኖይዝ ከታየ ሁለተኛ ተመሳሳይ ሴንሰር አጠገቡ ይቀመጥ፤ በሁለቱም ላይ አንድ ሆኖ የሚታየው ከመሬቱ፣ በአንዱ ብቻ የሚታየው ከመሣሪያው ወይም ከአተካከሉ ነው።