«እባብ ያየ በልጥ በረየ»፦ ፍቺው፣ አመጣጡና የፍርሃት ሥነ ልቦናው

ልጥ ከእንጨት ላይ ተልጦ የሚወጣ ረጅም ቅርፊት ነው፤ ስሙም «ላጠ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። በገጠር የጎጆ ማገር ይታሰርበታል፣ የማገዶ ሸክም ይጠፈርበታል። እርጥቡ እንደ ገመድ ይታዘዛል፤ ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ጫፉም ይጠቀለላል። አመሻሽ ላይ ደጅ ወድቆ ያየው ሰው እባብ ቢመስለው አይፈረድበትም። «በረየ» ዛሬ ከዚህ ምሳሌ ውጪ እምብዛም አይሰማም፤ ደነበረ፣ በርግጎ ሸሸ ማለት ነው። ቃሉን እስከ ዛሬ ያቆየው ከ«ያየ» ጋር ቤት መምታቱ ይመስለናል።

ገንዘብ አበድሮ የተካደ ሰው፣ የገዛ ወንድሙ 500 ብር ሲጠይቀው ምስክር ካልመጣ ይላል። ራሱ ሲናገረው «ምን ላድርግ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብሎ ይቅርታ መጠየቂያው ነው። ሌላው ስለ እሱ ሲለው ግን ግማሹ ማዘን፣ ግማሹ ሹፈት ነው።

ልብ በሉ፤ ምሳሌው «የተነደፈ» አላለም፤ «ያየ» ነው ያለው። ይህች ቃል ቀላል አይደለችም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሱዛን ሚኔካና ማይክል ኩክ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደጉ፣ እባብ የማይፈሩ፣ ሪሰስ የሚባሉ ጦጣዎችን ወሰዱ። እነዚህ ጦጣዎች ሌላ ጦጣ እባብ አይቶ ሲበረግግ በመመልከት ብቻ፣ ማንም ሳይነድፋቸው፣ እባብ መፍራት ተማሩ። ቀጥሎ ተመራማሪዎቹ ቪዲዮውን ቆራርጠው ጦጣው አበባ የፈራ አስመሰሉት፤ ተመልካቾቹ ግን አበባ መፍራትን አልተማሩም። ፍርሃት በዓይን ይጋባል፤ የሚጋባው ግን በሁሉም ነገር ላይ እኩል አይደለም። እናት በረሮ አይታ ስትጮህ አጠገቧ የቆመው ልጅ የሚያየው በረሮውን ብቻ ሳይሆን ፊቷንም ነው።

ወደ ልጡ እንመለስ። በ1920 (እ.ኤ.አ.) ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር «አልበርት» ያሉትን የ11 ወር ሕፃን ነጭ አይጥ እያሳዩ ከጀርባው የብረት ዘንግ በመዶሻ መቱ። ድምፁና አይጡ ሰባት ጊዜ ከተጣመሩ በኋላ ልጁ አይጡን ብቻ አይቶ ማልቀስ ጀመረ። ከቀናት በኋላ ጥንቸል፣ ውሻና የፀጉር ካፖርት ሲያሳዩት ተረበሸ፤ በመጫወቻ እንጨቶቹ ግን እንደ ወትሮው ተጫወተ። አይጡ እባቡ ነው፤ ካፖርቱ ልጡ። ፍርሃቱ የተስፋፋው በመልክ መመሳሰል መንገድ ነው። (ሕፃኑን ከፍርሃቱ ሳያላቅቁት ሙከራው አበቃ፤ ዛሬ ይህን የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይገኝም።)

በልጥ መበርየት ሞኝነት ነው ወይ? ሒሳቡን ሥሩት። ልጥን እባብ ነው ብሎ መዝለል አንድ እርምጃ ያስከፍላል፤ እባብን ልጥ ነው ብሎ መርገጥ ነፍስ ያስከፍላል። ስለዚህ አእምሮ አጥርቶ ሳያይ ማስጠንቀቂያውን ይደውላል፤ ማጣራቱ በኋላ ይመጣል።

ችግሩ ያለው «በረየ» ላይ ነው። የሸሸ ሰው ልጡን ጠጋ ብሎ አያየውም፤ ሲርቅ ልቡ ይረጋጋል፣ አእምሮውም «የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ፍርሃቱን የሚቀልበው ይህ እፎይታ ነው። በሚኒባስ አደጋ ደርሶበት ታክሲ መሳፈር ያቆመን ሰው እንውሰድ። ሕክምናው መሰላል መሥራት ነው፦ ከ8 እስከ 10 የሚሆኑ ሁኔታዎችን ይጽፋል፣ እያንዳንዱን ከ0 እስከ 100 በፍርሃት ይመዝናል። የቆመ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ 30 ሊሆን ይችላል፣ አንድ ፌርማታ መጓዝ 50፣ ማታ በዝናብ መሄድ 90። ከ30 ወይም ከ40 ይጀምራል። ከመሳፈሩ በፊት ይደርስብኛል ያለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ከወረደ በኋላ ከሆነው ጋር ያስተያያል። አንዱን ደረጃ በተለያየ ቀንና መስመር ደጋግሞ ሳይለምደው ወደ ላይኛው አይወጣም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ፍርሃቱ ጫፍ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ብሎ መውረድ። ያን ቀን የተማረው መሸሽ እንደሚያድን ነው። ሌላው ስውር ሽሽት ነው፦ ዓይን ጨፍኖ መጓዝ፣ በሩ አጠገብ ካልሆነ አለመቀመጥ፣ ሾፌሩን በየደቂቃው «ቀስ በል» ማለት። ጉዞው በሰላም ሲያልቅ ምስጋናው ለዚያ ብልሃት ይሄዳል፤ ፍርሃቱ አይነካም። ዘመድ «ምን ያስፈራል!» ብሎ ጎትቶ 90 የሰጠው ደረጃ ላይ ሲያስገባውም ሰውየው መሰላሉን ጭራሽ ይተወዋል። ቅዠትና አደጋው በዓይን ላይ እየመጣ መመላለሱ ከወር በላይ ከቆየ ደግሞ ይህ የቤት ሥራ አይደለም፤ በአእምሮ ጤና ባለሙያ እጅ መያዝ አለበት።

ፍርሃቱ ከቀለለ በኋላም አይፋቅም፤ በላዩ አዲስ ትምህርት ይደረብበታል እንጂ። ይህን ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ በሙከራ ውሾቹ ላይ አይቶታል፦ የጠፋ የመሰለው ምላሽ ከእረፍት በኋላ ብቅ ይላል። ስለዚህ ከወራት በኋላ አንድ ፍሬን ሲጮህ ሰውየው ቢደነግጥ አልዳነም ማለት አይደለም፤ በዚያው ሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ተመልሶ መሳፈር ነው።